እጅ ሲያጥር ቤተሰብን ማሳከም፦ ለሐኪሙ ምን እንንገረው፣ ምንስ እንጠይቀው?

ኑሮ ሲከብድ ቶሎ የሚቆረጠው ወጪ ብዙ ጊዜ ሕክምና ነው። የቤት ኪራይ አይታለፍም። የልጆች ትምህርት አይታለፍም። የእናት የግፊት መድኃኒት ግን "እስቲ ይሄን ወር እንለፈው" ይባላል። ለምን ቢባል ግፊት አያምማ! ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚሠራው። እሳቸው ደህና ነኝ ሲሉ ልባቸውን፣ ኩላሊታቸውንና የአንጎላቸውን ደም ሥር ቀስ በቀስ ይጎዳል።

ማቋረጡ አንድ ጥፋት ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን ማቋረጣችንን መደበቃችን ነው። ሐኪሙ "መድኃኒቱን እየወሰድሽ ነው?" ሲል "አዎ ዶክተር" እንላለን። ገንዘብ አልቆብኝ ነው ማለት ያሳፍራላ። እሱም ያልነውን አምኖ፣ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ያስብና ወይ መጠኑን ይጨምራል፣ ወይ ሌላ ጠንከር ያለ፣ ምናልባትም ውድ የሆነ ነገር ያዛል። ያንንም አንገዛውም። ከዚያ እቤት ገብተን "የዛሬ ሐኪሞች ምንም አያውቁም" እንላለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ እዚህ ላይ ባዶ ኪሱንም የደበቀ እላለሁ።

ሐኪም ላይ እምነት ባጣ ሰው ግን አልፈርድም። በቂ ምክንያት ያለው ብዙ ነው። አሜሪካ ውስጥ ተስኪጊ በምትባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 የመንግሥት የጤና ተቋም በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ወንዶች ቂጥኝ እንዳለባቸው እያወቀ፣ ፔኒሲሊን መድኃኒቱ መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ ሳያክማቸው በሽታው ምን እንደሚያደርግ ብቻ ይከታተል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ታሊዶማይድ የሚባል መድኃኒት ለነፍሰ ጡሮች የማቅለሽለሽ ማስታገሻ ተብሎ በብዙ አገር ተሰጠ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ። ይህ ሁሉ የሆነው በነጭ ጋዋን ነው። ግን ታሊዶማይድን አሜሪካ ውስጥ ለገበያ እንዳይፈቀድ የያዘችውም ሐኪም ነበረች። ፍራንሲስ ኬልሲ ትባላለች። በመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አዲስ ሠራተኛ ነበረች፤ ኩባንያው ቶሎ በይ እያለ ቢወተውታትም፣ ያቀረባችሁት ማስረጃ አይበቃም ብላ ፈቃዱን ሳትሰጥ ቆየች። መጠየቅ የሕክምናው የራሱ ሥራ ነው ለማለት ነው ይህን ያነሳሁት። ስለዚህ "ብጠይቀው ይቀየመኛል" ብላችሁ አትፍሩ። የሚቀየም ካለ ስለ እሱ አንድ ነገር አወቃችሁ ማለት ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት

ወረቀት ያዙ። ስልካችሁም ይበቃል። ምን እንደሚያማችሁ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ምን ሲያደርጉ እንደሚብስ፣ ምን ሲያደርጉ እንደሚሻል ጻፉ። የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ፣ ከፋርማሲ የተገዛውንም፣ ከዕፅዋት የተቀመመውንም፣ ከጎረቤት የተለገሰውንም ከነማሸጊያው በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። "ነጯ ክብ ኪኒን" ብሎ ነገር ለማንም አይጠቅምም፤ ነጭ ክብ ኪኒን ስንት መቶ ዓይነት አለ። የሚያሳክካችሁ ወይም የሚያሳብጣችሁ መድኃኒት ካለ ከሁሉ በላይ እሱን ጻፉ።

ከዚያ ትልቁን ጉዳይ አስቀድሙ። ቤክማንና ፍራንክል የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት፣ ሐኪሞች ታካሚው መናገር በጀመረ በአማካይ በ18 ሰከንድ ያቋርጡት እንደነበር አሳይተዋል። እኛ ደግሞ ስንናገር ከዳር ነው የምንጀምረው። ስለ ጉንፋኑ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ወገብ ሕመሙ አውርተን ጨርሰን፣ ተነስተን የበሩን እጀታ ከያዝን በኋላ ዞር ብለን "እንዲያውም ዶክተር፣ ደረቴንም አንዳንዴ ጨምደድ ያደርገኛል" እንላለን። የመጣንበት ጉዳይ እኮ እሱ ነበር! ስለዚህ ገና ስትቀመጡ "ሦስት ነገር አለኝ፣ በጣም ያስፈራኝ ግን ደረቴ ነው" በሉ። አለቀ።

ትልቅ ሰው ስትወስዱ አብራችሁ ግቡ፣ ግን አፋቸውን አትንጠቁ። ሐኪሟ "አባባ፣ ምን ይሰማዎታል?" ስትል ልጅየው ቀድሞ "ምግብ አይበላም፣ ሌሊት አይተኛም" ይላል። አባባ ዝም። እሳቸው የሚናገሩት ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ደግሞ ለአፍታ ወጣ በሉላቸው። ሽንት አልይዝ እንዳላቸው ወይም ልጆቻቸውን እንዳያስጨንቁ የደበቁትን ሕመም እናንተ ባላችሁበት አይናገሩትም።

ሐኪሙ ፊት

አምስት ስድስት ጥያቄ ካላችሁ ብዙ ርቀት ያስኬዳችኋል። በሽታው ምን ይመስልዎታል? ሌላ ነገርስ ሊሆን ይችላል? ይህ ምርመራ ቢደረግ ውጤቱ ሕክምናውን ይለውጠዋል? ለጊዜው ብንጠብቅ ምን ይሆናል? ምን ምልክት ካየሁ ነው ሳልውል ሳላድር መመለስ ያለብኝ? የመጨረሻዋን በፍጹም እንዳትረሱ። ሐኪም በአንድ ቀን ዕይታ የማይያዝ በሽታ አለ፤ ዛሬ ጉንፋን የመሰለው ነገ ሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ቶሎ መመለሱ ነው የሚያድነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እንዲህ በሉ፦ "ዶክተር፣ እውነቱን ልንገርዎትና ያዘዙልኝን ሁሉ መግዛት አልችልም። የትኛውን ነው ፈጽሞ መተው የሌለብኝ?" ይህቺን ዓረፍተ ነገር መናገር መጀመሪያ ምላስ ላይ ትከብዳለች። ከተናገራችኋት በኋላ የሚሆነውን ግን ተመልከቱ። ሐኪሙ ማዘዣውን ይመልሰውና እንደገና ያየዋል። ብዙ ጊዜ ከአራቱ አንዱ ቫይታሚን ነው፣ ሌላው ሲያማችሁ ብቻ የሚወሰድ ማስታገሻ ነው፤ ሕይወት የሚይዘው አንዱ ወይም ሁለቱ ይሆናል። ምርመራም እንደዚሁ፤ ዛሬ የግድ የሚያስፈልገውንና ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሊቆይ የሚችለውን መለየት የሚችለው እሱ ነው። እናንተ ግን በግምት እየቆረጣችሁ ስትሄዱ፣ ቫይታሚኑን ገዝታችሁ ዋናውን ልትተዉት ትችላላችሁ። ቫይታሚን ደግሞ ማሸጊያው ያምራል።

የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስምም ጠይቁ። ማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈው የኩባንያው ስም ነው፤ ከሥሩ በትንንሹ የተጻፈው ነው መድኃኒቱ። በዚያ ስም ስትጠይቁ አንዱ ከሌላው በዋጋ በጣም ይለያያል፣ ውስጡ ያለው ፈዋሽ ነገር ግን አንድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ መሠረታዊ መድኃኒቶች የሚላቸውን በዝርዝር እያወጣ ነው፤ ለግፊት የሚሰጠው አምሎዲፒን፣ ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን እዚያ ውስጥ አሉ። ሁለቱም የቆዩና ብዙ ኩባንያ የሚያመርታቸው ናቸው። አዲስና ውድ የሆነ ሁሉ ይሻላል ማለት አይደለም። የሚጥል በሽታ፣ የእንቅርት ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ግን ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። እነዚህ ላይ ትንሽ ልዩነትም ሊያስቸግር ይችላል።

ለማብቃቃት ብሎ ኪኒን መግመስም የተለመደ ነው። አንዳንዱ ኪኒን ቀስ እያለ እንዲሟሟ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ስትሰብሩት የቀኑ መጠን በአንዴ ይለቀቃል። ኢንሱሊን ላይ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም። በተለይ ከልጅነት የጀመረ ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቆመ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሊያልቅባችሁ ሲል፣ ሳያልቅ፣ ወደ ሐኪሙ ደውሉ ወይም ሂዱ።

ከመውጣታችሁ በፊት "እስቲ የገባኝን ልንገርዎት" ብላችሁ ድገሙለት። "ይህን ጠዋት ጠዋት ከምግብ በኋላ፣ ይህን ማታ፣ በአሥረኛው ቀን እመለሳለሁ።" ሰው ከሐኪም የሰማውን ከ40 እስከ 80 በመቶ ወዲያው እንደሚረሳ በጥናት ታይቷል። የተረበሸ ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ ቢረሳ አይገርምም። የሰማችሁትን ስትደግሙ የተሳሳተ ካለ እዚያው ይታረማል።

የላብራቶሪ ውጤትና የራጅ ኮፒ ሳትይዙ አትውጡ። አንድ ፋይል ውስጥ በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጡት፣ በስልክም ፎቶ አንሱት። ሌላ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ያንኑ ምርመራ እንደገና ከመክፈል ያድናችኋል። ሁለተኛ ሐኪም ማማከር ክህደት አይደለም፤ በተለይ ቀዶ ሕክምና ወይም ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት ሲባል ደግማችሁ ብትጠይቁ ደግ ነው። ሳይመረምር የሚያዝ፣ ስትጠይቁት የሚቆጣ፣ የራሱን ነገር ካልገዛችሁ የሚያኮርፍ ሐኪም ካጋጠማችሁ ደግሞ ቀይሩት። "ይህን አላውቀውም፣ ለሌላ ባለሙያ ልላክህ" የሚለውን ግን አጥብቃችሁ ያዙት። እንዲህ ማለት የሚችል ሰው ብዙ አይገኝም።

እቤት ውስጥ የሚያዝ ነገር

በተቅማጥ ልጅን የሚገድለው በአብዛኛው የውሃና የጨው ማለቅ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ በፓኬት የሚሸጠው ኦአርኤስ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1978 ይህን ነገር ምናልባት የክፍለ ዘመኑ ትልቁ የሕክምና እመርታ ሳይሆን አይቀርም ብሎለታል። ስኳር፣ ጨውና ውሃ! ፓኬቱ ከጠፋ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ማንኪያው አፉ ላይ ልክ ይሁን እንጂ አይቆለል። ጨው ሲበዛ ይጎዳል፤ ከእንባ በላይ ጨው ጨው የሚል ከሆነ ድፉትና እንደገና ሥሩ። ልጁ ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ በማንኪያ ቀጥሉ። ጡት የሚጠባ ከሆነ አታቋርጡ። ከ24 ሰዓት በላይ የቆየውን ጣሉት።

ልጅ ሲያስል ደግሞ አተነፋፈሱን ቁጠሩ። ሲያለቅስ አይሆንም። ተረጋግቶ እናቱ ጭን ላይ እያለ ወይም ሲተኛ ልብሱን ገለጥ አድርጉና ሆዱ ሲነሳ አንድ፣ ሲነሳ ሁለት እያላችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሠራም፤ ሕፃን እኩል አይተነፍስም። ከ2 ወር በታች ለሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ ዓመት ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፣ ወደ ሐኪም። የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ ደግሞ መቁጠሩንም ተዉትና ሂዱ። መጠጣት ወይም መጥባት ያቃተው፣ የገባውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ ወይም ፍዝዝ ብሎ አልነቃ ያለ ልጅ ሌሊትም ቢሆን አያድርም።

የልጅ ሽሮፕ በወጥ ቤት ማንኪያ አይለካ። ማንኪያ እንደ ቤቱ ነው፣ መርፌ የሌለው የፕላስቲክ ሲሪንጅ ግን ቁጥሩ አይዋሽም። ፓራሲታሞል የሚሰጠው በክብደት ነው፤ በአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በቀን ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ። ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ካተኮሰው ግን ማስታገሻ ሰጥቶ መጠበቅ የለም፣ ይታይ። ለልጅ አስፕሪን ሐኪም ካላዘዘ አይሰጥም፤ ጉበትና አንጎል የሚጎዳ ከባድ ሕመም ሊያመጣበት ይችላል።

ግፊት እቤት የምትለኩ ከሆነ፣ ከመለካታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም አይቀመስ። ሽንት ቤት ሂዱ። ጀርባ ደገፍ፣ እግር መሬት ላይ፣ ክንድ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትይዩ። አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ወሬ የለም፣ ወሬ ራሱ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ እየሆነ ካስቸገረ ቁጥሮቹን ጽፋችሁ ለሐኪም ውሰዱ። ቁጥሩ ዛሬ ጥሩ ስለሆነ ደግሞ መድኃኒት አይቆምም፤ ጥሩ የሆነው በመድኃኒቱ ነው እኮ።

ፊት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ አልነሳም ካለ፣ ንግግር ከተንተባተበ ስትሮክ ነው ብላችሁ ሩጡ። "ትንሽ ተኝተው ይነሱ" የሚባል ነገር የለም። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፣ ከዚያ ላይ ደግሞ መንገዱና ምርመራው ጊዜ ይበላል። ስለዚህ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

አንቲባዮቲክ ላይ አጭር ልሁን። ጉንፋን ላይ አይሠራም፣ ጉንፋን ቫይረስ ነው። የተረፈውን ለሌላ ቀን አታስቀምጡ፣ ከሰውም አትቀበሉ። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ መድኃኒቱን ከመጠኑ አሳንሶ መውሰድ ጀርሙን ያለማምደዋል ብሎ አስጠንቅቋል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በአብዛኛው ስድስት ወር የሚፈጅ ነው፤ ሰው ግን በሳምንታት ውስጥ ይሻለውና ይተወዋል፣ ከዚያ መድኃኒት የተላመደው ነቀርሳ ይመጣል። እሱን ማከም በጣም ይከብዳል፣ ለቤተሰብም ይተላለፋል።

ከየት እንግዛ፣ ማንን እንስማ

ሲርብ የቀረበ ሁሉ ይጣፍጣል፣ ሲቸግርም የረከሰ መድኃኒት ሁሉ ጥሩ ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ10 የሕክምና ምርቶች አንዱ ያህል ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። መንገድ ላይና በስልክ ቡድኖች ከሚሸጥ ራቁ። ማሸጊያው ያልተከፈተ፣ ቀኑ ያላለፈ፣ ጽሑፉ ፊደል ያልተገደፈበት መሆኑን እዩ። የምታውቁት መድኃኒት ቀለሙ ወይም ሽታው ከተለወጠባችሁ ሳትውጡት ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

ስልክ ላይ ስለምትሰሙት ምክር ደግሞ፣ ስኳርንም ካንሰርንም የወገብ ሕመምንም በአንድ ጠርሙስ አድናለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እለፉት። "ሐኪሞች የሚደብቁት ምስጢር" ሲል፣ ቀጥሎም ዋጋ ሲናገር፣ ጉዳዩ ገበያ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ "የምትወስደውን መድኃኒት አቁምና የእኔን ሞክር" የሚለው ነው። ዘመድ የሚሰጣችሁን ነገር በደፈናው አትናቁት፣ ግን ለሐኪሙ ንገሩት፤ ከዕፅዋት የተሠራ ነገር ከግፊት ወይም ከደም ማቅጠኛ መድኃኒት ጋር ሊጋጭ ይችላል። ሐኪሙ እንዳይስቅብኝ ብሎ መደበቅ አያዋጣም። ቢስቅም ይሳቅ።

የማይታየው ሕመም

ሥራ ያጣ፣ ዕዳ የገባ፣ ሰው የሞተበት ቤተሰብ ውስጥ ከአካል በፊት የሚታመመው መንፈስ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላት፣ የሚወዱትን ነገር መተው፣ በትንሽ በትልቁ መቆጣት ሁለት ሳምንት ካለፈው ሐኪም ዘንድ የሚኬድበት ነገር ነው፤ "ጠባዩ ተለወጠ" ተብሎ አይተውም። "ሞቼ በተገላገልኩ" የሚል ሰው ካለ ፊት ለፊት ጠይቁት፦ "ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" ብላችሁ። ብንጠይቀው እናስታውሰዋለን የሚባለው ስሕተት ነው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይጭርም፣ እንዲያውም ቀለል ይለዋል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ቤት ውስጥ ያለውን ብዙ ኪኒንና ስለት አርቁ፣ ያኑ ቀን ወደ ሐኪም።

አስታማሚዋም ሰው ናት። የሁሉን ቀጠሮ የምታስታውስ፣ ሌሊት ተነስታ ሽሮፕ የምትለካ፣ ራሷ ግን ለዓመታት ግፊቷን ያልተለካች እናት ወይም እህት በየቤቱ አለች። እሷ ከወደቀች ቤቱ ሁሉ ይወድቃል። ለእናታችሁ ቀጠሮ ስትይዙ የራሳችሁንም በዚያው ቀን ያዙ። የትራንስፖርቱም ወጪ አንድ ጊዜ ይሆናል።